ሊቀ ሽቦ ዋልልኝ አዲስ ጊታር ሲከፍቱ

አዲስ ዕቃ የሚያመው ሰው የሌለበት ከተማ የለም። አሮጌውና ስብርባሪውማ መድኃኒቱ ነው። የሚያመው ከካርቶኑ ገና የወጣ፣ ላስቲኩ ያልተላጠ፣ እንከን ያልተገኘበት ነገር ነው። እንዲህ ያለ ሰው ጎረቤቱ ቴሌቪዥን ሲገዛ «እንኳን ደስ ያለህ» አይልም፤ «ጀርባውን አይተኸዋል?» ይላል። ሠርግ ተጠርቶ ሄዶ ሙሽሮቹን ሳያይ የዳሱን አምፖል ገመድ ሲከተል ይውላል። ሌላው ከተማ ይህን ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራው እንጃ፤ ደብረ ታቦር ግን ሊቀ ሽቦ ዋልልኝ ትላቸዋለች።

የሾማቸው ሰፈሩ ነው። አክብሮት የበዛበት «መምህረ ቮልት» ይላቸዋል፤ ዕቃው የተከፈተበት ደግሞ «ዐቃቤ ብሎን»። ከከፈቱት ነገር ሁሉ አንድ ሁለት ብሎን ይተርፋልና ነው። ሊቀ ሽቦ በዚህ አያፍሩም። የተረፈውን ብሎን የወተት ጣሳ ውስጥ ጣል አድርገው «ይኸ ድሮም አያስፈልገውም ነበር» ይላሉ። ለቀረው ጥፋት ሁሉ ደግሞ አንድ ቃል አለቻቸው፤ «ፋብሪካ ቸኩሎ ነው።»

ወይዘሮ ዘነበች አዲስ ማቀዝቀዣ ያስመጡ ጊዜ ሊቀ ሽቦን የጠሯቸው ከመኪና ሲወርድ እጅ እንዲያግዙ ብቻ ነበር። ማቀዝቀዣው ሦስት ቀን ሳሎን መካከል ጀርባው ተከፍቶ፣ አንጀቱ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ሰነበተ። ጎረቤቱ እንደ በሽተኛ ጠያቂ እየመጣ «ዛሬስ እንዴት ዋለ?» ይል ነበር። እርግጥ ነው፣ በዚያው ክረምት መብራቱ ኃይል ጨምሮ ሲለቀቅ የሰፈሩ ማቀዝቀዣ ሁሉ ሲቃጠል የወይዘሮ ዘነበች አልተነካም። እሳቸው ግን ይህን አያነሡም፤ የሚያነሡት ሦስቱን ቀን ነው።

አንድ ጊዜም ከመጠጥ ቤት ደጅ ባዶ የሲጋራ ፓኮ ሲለቅሙ ታዩና ወሬው የንስሐ አባታቸው ጆሮ ደረሰ። አባ ጠርተው «ልጄ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?» ቢሏቸው «ከሬድዮ ጀምሮ ነው አባቴ» ብለው መለሱ። ብርማው ወረቀት በዕቃ ሆድ ውስጥ ሲለጠፍ ከውጭ የሚመጣውን ጩኸት እንደሚከለክል እስኪያስረዱ ድረስ ከሰዓት አለፈ። አባም የገባቸው መስለው፣ ለማንኛውም ብለው አርባ ስግደት ሰጧቸው።

ማሬ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ስለዚህ ነበር ጊታሯን ይዛ ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ፣ በሊቀ ሽቦ ሱቅ በኩል ስታልፍ በነጠላዋ የምትሸፍነው። ጊታሩ ቀይ ነው፤ አዲስ ነው። ኩዌት አራት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ ለእናቷ ብርድ ልብስ፣ ለወንድሞቿ ጫማ፣ ለአክስቶቿ ሻርፕ አመጣች። ለራሷ ያመጣችው ይህን ብቻ ነው። መጫወቱን የተማረችው ከስልክ ነው፣ የቤቱ ሰዎች ሲተኙ፣ ክር በሌለው እጀታ ላይ ጣቷን እያመላለሰች። እጀታው የመጥረጊያ ነበር።

አሁን ዓርብ ነው። በዘጠኝ ሰዓት የከተማው ሆቴል ባንድ አንድ ጊታር ተጫዋች ይመርጣል። ሰኞ ደግሞ ደላላው መልስ ይፈልጋል፤ ቪዛው ወጥቷል፣ ያው ቤት፣ ያችው እመቤት። ማሬ ለእናቷ «ከተመረጥሁ እቀራለሁ፤ ካልተመረጥሁ እሄዳለሁ» ብላ ቃሏን ሰጥታለች። እናቷም ከዚያን ቀን ጀምረው ከቤት ሲወጡና ሲገቡ ጊታሩን እንደ ታቦት ይሳለሙታል።

ትናንት ሐሙስ ከሰዓት ከተዋሰችው ድምፅ ማጉያ ጋር ብትሰካው ጊታሩ እንደ ተነካ ቀፎ ጮኸ። ክሩን ብትነካም ባትነካም ይጮኻል። አንደኛው ጠጋኝ «ሌላ ግዢ» አላት፤ ሁለተኛው ሳይከፍት ከውጭ ነካክቶ መለሰላት። ሦስተኛ ጠጋኝ አለ፤ ማን እንደሆነ ግን ከተማው ሁሉ ያውቃል።

በሦስት ሰዓት ነጠላዋን ገልጣ ሊቀ ሽቦ ሱቅ ገባች።

«እንደምን አደሩ ጋሼ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አዲስ ነው?»

«አዲስ ነው። ትንሽ ይጮኻል። አንዲት ሽቦ ብቻ ቢያዩልኝ ብዬ…»

«ተከፍቶ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

ሊቀ ሽቦ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ዘጠኝ ሰዓት ፈተና አለብኝ ጋሼ። አንዷን ብቻ።»

«ልጄ፣ አንዲት ሽቦ የሚባል ነገር የለም። ሽቦ ዘመድ አለው።»

የጀርባውን ሽፋን ከፈቱት። የክሩን ድምፅ ከሚለቅሙት ሁለት ማግኔቶች ወደ መቀየሪያው የሚሄዱት ሽቦዎች የሸረሪት ድር ያህላሉ። ሊቀ ሽቦ በመርፌ አንድ በአንድ እየነካኩ ጎንበስ ቀና አሉ፤ ከዚያ ክሮቹ የታሰሩበትን ብረት በጣታቸው መታ መታ አደረጉ።

«አየሽ፣ ይኸ ብረት ከመሬት ሽቦው ጋር መያያዝ ነበረበት። ከምንም አልተያያዘም። ፋብሪካ ቸኩሎ ነው።»

ለዘመናት ስለ ሁሉ ነገር ያሉት ቃል ዛሬ እውነት ሆኖ ሲገኝ ራሳቸውም ደንገጥ ያሉ መሰሉ። ማሬ ግን ልቧ መለስ አለ። «እንግዲያ እሷን ብቻ አያይዘው ይሰጡኛላ?»

አልሰሟትም። ሣጥናቸውን ስበው ከድሮ ሬድዮ የተፈታ ወፍራም ሽቦ፣ ሁለት ድምፅ መጨመሪያና ጥቅል ብርማ ወረቀት አወጡ። «መሬት ብቻ ሰጥቼው ብለቀው፣ በዚህ ድር እየተንጠለጠለ በወሩ ይበጠሳል። መድረክ ላይ ይበጠስብሽ?»

ማሬ ሰው ፊት ቀና ብሎ «አይሆንም» ማለት አልተፈጠረባትም። አራት ዓመት ኩዌት ያቆያትም ይኸው ነበር። ነጠላዋን አጣፋች፤ ይኸም እንደ ፈቃድ ተቆጠረ።

እዚህ ላይ ስለ ሊቀ ሽቦ አሠራር መናገር ያስፈልጋል። በወጣትነታቸው የአቋቋም ተማሪ ነበሩ። ትምህርቱን ሳይጨርሱ ወጡ፤ ልማዱ ግን ከሳቸው አልወጣም። ሽቦ ከመንቀላቸው በፊት ቦታ ቦታውን ወረቀት ላይ አይነድፉም። «ወረቀትን አይጥ ይበላዋል፤ ቃልን ማን ይበላዋል?» ይላሉ። ስለዚህ ያዜሙታል። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እንደ ቅኔ ማኅሌት ወዝወዝ እያሉ፦

«ቀዩ ከአንደኛው ማግኔት ይነሣል፣ በመቀየሪያው ላይኛ እግር ያርፋል፤ ጥቁሩ ይወርዳል፣ ከመሬቱ ይገናኛል። ከሁለተኛው ማግኔት ጥቁሩ ይነሣል፣ በታችኛው እግር ያርፋል፤ ቀዩ ይወርዳል፣ ከመሬቱ ይገናኛል። ነጩ ከመካከለኛው እግር ይወጣል…»

እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። አንዲት ሽቦ ሊነቅሉ ወይም ሊበይዱ ሲሉ ሁሉ ከራሱ ጀምረው እስከ ዳር ይወጡታል። በመካከል ሰው ካቋረጣቸው እንደገና ከራሱ።

እስከ አራት ሰዓት ሁለት ሰዎች አቋረጧቸው። አንዱ ባትሪ ፈልጎ፣ አንዱ ምንም ሳይፈልግ። ሊቀ ሽቦ ተቆጥተው ማሬን በሩ ላይ አቆሟት፤ «ማንም ሰላም እንዳይለኝ።»

ለሌላ አገር ሰው ይህ ቀላል ሥራ ሊመስል ይችላል። እዚህ ግን ሰላምታ መከልከል ውሃ ከመከልከል አያንስም። ማሬ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ አንገቷን ደፍታ፣ የመጣውን ሁሉ በሹክሹክታ ትመልስ ጀመር። ወይዘሮ ዘነበች ሳይቀሩ መጡ።

«ይቅርታ እማማ፣ ጋሼ ዋልልኝ አሁን ሰላም አይባሉም።»

«እህስ፣ ኩዌት ሰላምታም ያስተዋል?» አሉና አሻግረው ወደ ውስጥ አዩ። የተዘረገፈውን የጊታር ሆድ ባዩ ጊዜ ቁጣቸው በረደ። «ያንቺ ነው? አይ ልጄ» ብለው፣ ለሐዘን ቤት እንደሚሉት ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

በአምስት ሰዓት መብራት ጠፋ።

ሊቀ ሽቦ አልደነገጡም። መበየጃውን ከገመዱ ነቅለው፣ ከጠረጴዛው ሥር ባለ እጀታ የመዳብ ብረት አውጥተው፣ ከሰል አያይዘው ብረቱን ፍሙ ውስጥ ቀበሩት። ከጉና የወረደ ነፋስ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ካፊያ ጀመረ። የፋብሪካው ሽቦዎች ሁሉ ተነቅለው መሬት ላይ ወድቀዋል። ብርማው ወረቀት የጊታሩን ሆድ ከዳር እስከ ዳር ለብሷል። ብረቱ ይግላል፣ ሊቀ ሽቦ ያዜማሉ፣ አንዲት ሽቦ ትበየዳለች፤ ብረቱ ይቀዘቅዛል፣ እንደገና ፍም ውስጥ ይገባል። ማሬ ስልኳን ታያለች። ስድስት ሰዓት። ስድስት ተኩል። ሰባት።

ሰባት ሰዓት ሲሆን የተበየዱት የአንደኛው ማግኔት ሽቦዎች ብቻ ነበሩ። ሊቀ ሽቦ ዜማቸውን አቁመው ፍሙን እፍ ለማለት ጎንበስ አሉ። በዚህች ዝምታ መካከል መሪጌታ እሸቴ፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ዣንጥላቸው እየተንጠባጠበ በሩ ላይ ቆሙ። የቤተ ክርስቲያኑን ድምፅ ማጉያ ሊወስዱ ነው የመጡት።

ማሬ አፏን ከፈተች። መሪጌታን «ሰላም አይበሉ» የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም።

«እንደምን ዋልህ ዋልልኝ!»

ሊቀ ሽቦ ብረቱን ጥለው ተነሡ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን ዋሉ መሪጌታ?» ቤተሰቡ ተጠየቀ። ከብቱ ተጠየቀ። የዘንድሮ ዝናብ ተወቀሰ። አንዲት አሮጊት መሞታቸው ተነገረና ነፍስ ይማር ተባለ። ማሬ በሩን ተደግፋ የሰላምታውን ደረጃ አንድ በአንድ አብራ ወጣችው።

ከዚያ ሊቀ ሽቦ ተቀመጡ፤ ብረቱን አነሡ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልወጣም።

እንደገና ሞከሩ። ቀዩ ከአንደኛው ማግኔት ተነሣ፣ ጥቁሩ ወረደ። ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው።

«የት ደርሼ ነበር?» አሉ ወደ ማሬ ዞረው። ፊታቸው አመድ መስሏል።

ማሬ አታውቅም። ቀኑን ሙሉ ጆሮዋ የእግር ኮቴ ላይ ነበር። ስንት ሽቦ ቀርቷል? ዘጠኝ? ዐሥር? የድሮዎቹ ወለሉ ላይ እንደ ታጨደ ሣር ተከምረዋል፤ የትኛው ከየት እንደመጣ የሚናገር የለም። የኩዌቱ ቤት ደረጃ ድንገት ዓይኗ ላይ መጣ፤ አርባ ሁለት እርከን፣ በቀን ሁለት ጊዜ የሚወለወል።

«ጠፋህ እንዴ?» አሉ መሪጌታ።

«ጠፋኝ መሪጌታ። ከነዜማው ጠፋኝ።»

«ሁለተኛው ማግኔት ላይ ነበርህ እኮ።»

ሁለቱም ዞረው አይዋቸው። መሪጌታ ዣንጥላቸውን አጥፈው ረጋ ብለው ተናገሩ። ከመጡ ሰዓት ሆኗቸዋል። የሚያዜም ተማሪ ቃሉን ሳይጨርስ አይቋረጥምና ማሬ ከማታየው ከሱቁ ጎን፣ ከቆርቆሮው ሥር በካፊያ ቆመው ሲጠብቁ ነበር። አምስት ጊዜ ሰሙት። እንዲህ ያለውን በአንድ መስማት መያዝ የልጅነት ልማዳቸው ነው፤ አምስት ጊዜማ ተረፋቸው።

«ያዚሙልኛ!» አሉ ሊቀ ሽቦ።

መሪጌታ መቋሚያቸውን ትከሻቸው ላይ አደረጉ። ድምፃቸው ከሊቀ ሽቦ ድምፅ በጣም ይበልጥ ነበር። «ከሁለተኛውም ማግኔት ቀዩ ይነሣል፣ በታችኛው እግር ያርፋል፤ ጥቁሩ ይወርዳል፣ ከመሬቱ ይገናኛል…» ብረቱ ጤሰ፤ የብየዳው ሊድ ቀለጠ። መሪጌታ ይሰጣሉ፣ ሊቀ ሽቦ ይቀበላሉ። ማሬ ፍሙን በካርቶን ታራግባለች። ስምንት ሰዓት አለፈ። የመጨረሻዋ ሽቦ ከክሮቹ ብረት ጋር ስትያያዝ ስምንት ተኩል ነበር፤ ሽፋኑ ተገጠመ፤ ሁለት ብሎን ተረፈ።

«አልሞከርነውም እኮ ጋሼ። መብራት የለም።»

«ሆቴሉ ጄነሬተር አለው። ሂጂ።»

ጊታሩን በላስቲክ ጠቅልላ በጭቃው ሮጠች።

አዳራሹ ውስጥ የባንዱ መሪ አንዷለም ብዕርና ወረቀት ይዞ ተቀምጧል። ከእሷ በፊት ሁለት ወጣቶች ተጫወቱ። ሁለቱም ጎበዞች ናቸው። ስሟ ተጠርቶ መሰኪያውን እንደያዘች በሩ ላይ ግርግር ሆነ። ሊቀ ሽቦ ናቸው፤ ጋቢያቸው ረጥቧል፣ መበየጃው እጃቸው ላይ ነው። ዘፈን ያለበት ግቢ ረግጠው የማያውቁ ሰው ዘበኛውን ገፍተው ገብተዋል። ማሬ ወደ በሩ ሄደች።

«መሃሉን አትንኪ» አሉ እያለከለኩ።

«ምኑን?»

«መቀየሪያውን። ላይና ታቹ ደህና ነው። መሃሉ ላይ ሁለቱ ማግኔቶች አብረው ይከፈታሉ፤ አብረው ሲከፈቱ ይጣላሉ። አንዱ ተገልብጧል።»

«ማን ገለበጠው?»

«መሪጌታ። ፋብሪካው ከሁለተኛው ማግኔት ጥቁሩን አስነሥቶ ቀዩን ወደ መሬቱ አውርዶት ነበር፤ እኔም እንደነበረ አዜምሁት። እሳቸው ተማሪው ሳተ ብለው አቃኑልኝ። እኔ ደግሞ ዜማቸውን እንጂ ቃላቸውን አልሰማሁም። አሁን ሻይ ስንጠጣ በኩራት ነገሩኝ።» ከአጥሩ ውጭ ጥቁር ዣንጥላ ይታያል፤ መሪጌታ ከደጅ ቆመዋል። «ምን ላድርግ ልጄ፤ ሰምቶ ዝም ማለት አይችሉም።»

«ማሬ የምትባለው የለችም?» አለ አንዷለም።

ተመለሰች። ሰካችው። ማጉያው ተከፈተ፤ ጩኸት የለም። ዝምታው ራሱ ንጹሕ ነበር፣ እንደ ተጠረገ ግቢ። መቀየሪያውን ወደ ላይ አድርጋ ጀመረች። ጣቷ ልምምዷን አልረሳም። ድምፁ ወፍራምና ልስልስ ነው፤ ምንም አይወጣለትም። ከእሷ በፊት የነበሩት የሁለቱ ድምፅም እንዲሁ ነበር።

አንዷለም የብዕሩን ክዳን አነሣ። ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ነው። ክዳኑን ቀስ አድርጎ ብዕሩ ላይ ሊገጥም ነው።

ማሬ መቀየሪያውን ወደ መሃል ገፋችው።

ወፍራሙ ድምፅ ሸሸ። በቦታው ቀጭን፣ በአፍንጫው የሚናገር፣ ክሳቱ የሚያስታውቅ ድምፅ መጣ፤ ከሩቅ መንደር ሠርግ ነፋስ ያመጣው ማሲንቆ ይመስላል። ራሷም ደነገጠች። ስትደነግጥ ዝግ አለች፤ ዝግ ስትል ድምፁ ቦታ አገኘ። ክሩን በጣቷ ገፋ አድርጋ አስለቀሰችው። በሩ ላይ ሊቀ ሽቦ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

የብዕሩ ክዳን አንዷለም እጅ ላይ ቀረ።

«ይህን ድምፅ ከየት አመጣሽው?» አለ ስትጨርስ።

ማሬ አንገቷን ደፋች። «እዚሁ ነው የተሠራው፤ ደብረ ታቦር።»

አንዷለም ከሌሎቹ ጋር ተያየ፤ ጻፈ። «ሰኞ ሦስት ሰዓት ልምምድ አለ። ሰዓት አክብሪ።»

ስትወጣ ሊቀ ሽቦ እንኳን ደስ ያለሽ አላሏትም። «ነገ አምጪው፤ ላቅናው» አሏት።

«ከጾሙ በኋላ ጋሼ።»

ከዚያ ወዲህ ዓመት አለፈ። ባንዱ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ይጫወታል። ሊቀ ሽቦም ቅዳሜ ቅዳሜ በሩ ላይ ይቆማሉ፤ አይቀመጡም፣ አያጨበጭቡም፣ መበየጃው ከጋቢያቸው ሥር ነው። የጠየቃቸውን ሁሉ «ለዘፈኑ አይደለም፤ ለሽቦው ነው። እንዳይብስበት ልሰማው ነው» ይሉታል። ሲያበቃ ወደ ማሬ ይቀርባሉ፤ «መቼ ነው የማቀናው?» እሷም ትቀጥራቸዋለች። ከፍልሰታ በኋላ። ከመስቀል በኋላ። ከጥምቀት በኋላ። የባንዱ ልጆች ድምፁ እንዳይጠፋባት ፈርታ ይመስላቸዋል። አንዷለም እንዲያውም «ያ ሰውዬ እንዳይነካብሽ» ብሎ አስጠንቅቋታል።

የማሬ ፍርሃት ግን ሌላ ነው። ያቺ ሽቦ የቀናች ቀን ሊቀ ሽቦ እዚህ በር ላይ የሚቆሙበት ምክንያት አይኖራቸውም።

ባለፈው ቅዳሜ ዘነበ። ሊቀ ሽቦ የረጠበ ጋቢያቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ሲሰቅሉት ማሬ ከመድረኩ አየቻቸው። መበየጃውን አልያዙም ነበር። ዙሪያቸውን ቃኘት አድርገው፣ ማንም ያላያቸው መስሏቸው፣ ከበሩ አጠገብ ባለው ወንበር ቀስ ብለው ተቀመጡ። ማሬ ዓይኗን ወደ ክሮቹ መለሰች።